ማዶ ያለች መንደር፦ የዳሎ ደንና የዕጣን ቃላት ታሪክ

መግቢያ

በሶማሊላንድ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በሰናግ አውራጃ፣ ከዔሪጋቦ ከተማ በስተሰሜን፣ አምባው በድንገት ተቆርጦ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ በሚወርድበት አፋፍ አጠገብ ዳሎ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። አካባቢዋ የጥድ ደን ነው፤ ከደኑ በታች ገደል፣ ከገደሉ በታች የዕጣን ዛፍ የሚበቅልበት ድንጋያማ ተዳፋት፣ ከዚያም ሞቃታማው የባሕር ዳር ሜዳ ይከተላሉ። ስሟ ከራሷ ይልቅ ርቆ ተጉዟል። በ1991 ጅቡቲ ላይ የተመሠረተው ዳሎ አየር መንገድ የተሰየመው በዚህ ተራራ ነው። ስሙን በአውሮፕላን ጎን ላይ ያነበበ መንገደኛ ብዙ ነው፤ መንደሯን ያያት ግን ጥቂት ነው።

ይህ ጽሑፍ የዳሎንና የአካባቢዋን ታሪክ በቃላት በኩል ይከተላል። የሚያቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፦ ዳሎ ሩቅ የሆነችው ስለ እርሷ ለጻፉ ሰዎች እንጂ ለንግዱና ለቋንቋው አይደለም። ነዋሪዎቹ ለዛፍ፣ ለሙጫ፣ ለመሣሪያና ለዝናብ የሚሰጧቸው ስሞች ከባሕሩ ወዲያና ወዲህ የኖረውን ግንኙነት የሚመሰክሩ ሰነዶች ናቸው። እነዚህ ሰነዶች ግን በብራና ላይ የተጻፉ ሳይሆኑ ከሥራውና ከዛፉ ጋር የተሳሰሩ በመሆናቸው፣ ዛፉ ሲመናመን እነርሱም ይመናመናሉ።

ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። የሶማሊኛ ቃላት በግዕዝ ፊደል ሲጻፉ አጭሩ አናባቢ በግዕዝ፣ ረጅሙ በራብዕ ተቀምጧል። ዐ እና ሐ ጉሮሯዊ ድምፃቸውን እንደያዙ መነበብ አለባቸው፤ በዛሬው አማርኛ እንደ አ እና ሀ መነበብ የለባቸውም። ምላስ ወደ ላንቃ ተቀልብሶ ለሚነገረው የሶማሊኛ ድምፅ፣ ኦሮምኛ በግዕዝ ፊደል ይጻፍ በነበረበት ዘመን አገልግሎት ላይ የዋለው ዸ ተወስዷል።

1. «የማዶ» ዕጣን

በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ዓ.ም. አጋማሽ ገደማ በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር ፔሪፕለስ በኢትዮጵያ ታሪክ አጥኚዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ስለ አዱሊስና ስለ አክሱም የሚነበብ ቀደምት ምስክር ነውና። ያው መጽሐፍ ከባብ ኤል መንደብ አልፎ በአፍሪካ ዳርቻ ያሉትን ወደቦች ይቆጥራል። ከእነርሱም መካከል በርበራ ናት የምትባለው ማላዎ፣ ሙንዱና ሞሲሎን ይገኛሉ። ከዚያ የሚጫነውን ዕጣንም «ፐራቲኮስ» ይለዋል፤ ትርጉሙ «የማዶ» ማለት ነው። ሙንዱን ብዙ ተመራማሪዎች ከመይዽ ወደብ በስተምዕራብ ካለችው ከሒስ ጋር ያመሳስሏታል። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳዊው ጆርጅ ሬቮአል በሒስ ከጥንታዊ መቃብሮች የሮማ ዘመን የመስታወትና የሸክላ ስባሪ ማግኘቱ የወደቡን ጥንታዊነት አጠናክሯል። መይዽና ሒስ የዳሎ አፋፍ የሚያያቸው ዳርቻዎች ናቸው።

«ማዶ» የሚለው ቃል ስለ ቦታው የሚነግረን ጥቂት፣ ስለ ተናጋሪው የሚነግረን ግን ብዙ ነው። ከግብፅ ወደቦች ለተነሣ ነጋዴ ይህ ተራራ ማዶ ነበር። ከገደሉ ላይ ሆኖ ባሕሩን ለሚያይ ሰው ግን ማዶው ዓረብ አገር ነው። ከፔሪፕለስ ጀምሮ የዚህን አገር ስም በጽሑፍ ያኖሩት ከወዲያኛው ዳርቻ የቆሙ ሰዎች በመሆናቸው የርቀቱ አቆጣጠርም የእነርሱ ሆነ።

ይህ አቆጣጠር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቀጠለ። በጥቅምት 1854 ጆን ሃኒንግ ስፒክ ከኤደን ተነሥቶ፣ ከዳሎ በስተምሥራቅ ባለው በወርሰንገሊዎች ዳርቻ ወርዶ፣ የባሕር ዳሩን ተራራ ተሻገረ። የጉዞ ማስታወሻው በ1856 በታተመው በሪቻርድ በርተን መጽሐፍ መጨረሻ ተካቶ ወጣ። በማስታወሻው ውስጥ ከማንኛውም የሶማሊኛ ቃል በላይ ጎልቶ የሚታየው «አባን» (በ ጠብቆ) ነው። አባን ማለት እንግዳውን ተቀብሎ በወገኑ ምድር የሚያሳልፍ፣ ለደኅንነቱና ለንግዱም ዋስ የሚሆን ሰው ነው። ስፒክ ከአባኑ ጋር ሲጣላ ጉዞው ሁሉ ተሰናከለ። ዋስ ሳይያዝ የማይታለፍ አገር ጌታ የሌለው ጠፍ መሬት አይደለም፤ ሕግና ባለቤት ያለው የመተላለፊያ ምድር ነው። ስፒክ ይህን እንደ መሰናክል ቢመዘግበውም ለታሪክ ጸሐፊ ግን ማስረጃ ነው።

በ1870ዎቹ ጀርመናዊው ዕፅዋት ሰብሳቢ ሂልደብራንት ከመይዽ ተነሥቶ በዚሁ ተራራ ላይ ናሙና ሰበሰበ። ብሪታንያ ከ1884 እስከ 1886 ከጎሣዎቹ ጋር የጥበቃ ውል ተፈራረመች። የአስተዳደሩ መቀመጫም በመጀመሪያ በበርበራ፣ ከ1941 ጀምሮ በሀርጌሳ ሆነ። የዳሎ መራቅ በእውነት የተጀመረው በዚህ ለውጥ ነው ማለት ይቻላል። ንግዱ ወደ ባሕር በሚያይበት ዘመን አፋፉ በአምባውና በወደቡ መካከል ያለ በር ነበር። ሥልጣንና መኪና ከሀርጌሳ በቡርዖ በኩል በአምባው ላይ ሲመጡ ግን ያው አፋፍ የመንገዱ መጨረሻ ሆነ። ቦታው ሳይንቀሳቀስ አቅጣጫው ተገለበጠ።

2. ስሙ በጸሐፊዎች እጅ

የአንድ ቦታ ስም በየዘመኑ የተጻፈበትን መንገድ መከተል የጸሐፊዎቹን ጆሮ መመርመር ነው። ተራራው በሶማሊኛ ዐል መዶው ይባላል፤ ዐል ተራራ፣ መዶው ጥቁር ማለት ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን የመጀመሪያውን ድምፅ መስማት ስለተሳናቸው ስሙን «አህል» ብለው መዘገቡት፤ ጉሮሯዊው ድምፅ ከመነሻው ጠፍቶ በመካከል የሌለ «ህ» ገባ። የዳሎም ስም በእንግሊዝ ዘመን ሰነዶችና በዕፅዋት ናሙና መዝገቦች ላይ መጨረሻው በ«ህ» ተዘግቶ ይገኛል። የሚጠብቀው «ል» ግን በአንድ ፊደል ብቻ ተጽፏል።

ዔሪጋቦ በእንግሊዝ ካርታ «ኤሪጋቮ» ሆናለች። በሶማሊኛ «ቭ» ራሱን የቻለ ድምፅ አይደለም፤ በሁለት አናባቢዎች መካከል የገባ «ብ» ከንፈሮቹ ሙሉ በሙሉ ሳይገጥሙ ስለሚነገር የእንግሊዙ ጆሮ «ቭ» ብሎ ሰማው። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ «አበባ» ሲባል ሁለተኛው «በ» የሚላላው በዚሁ ሕግ ነው። በጥር 1920 የብሪታንያ አየር ኃይል የሰይድ ሙሐመድ ዐብዱላህ ሐሰንን የደርቪሽ ምሽጎች በመዲሼ ሲደበድብ የተነሣበት ጊዜያዊ ሜዳ በሪፖርቶቹ «ኤይል ዱር ኤላን» ተብሎ ይጠራል። የመጀመሪያው ቃል ዔል፣ ማለትም የውኃ ጉድጓድ ነው። አሥራ ሁለት አውሮፕላን የያዘ ጦር የሰፈረበት ቦታ ስም አንዱ ድምፁ ተቆርጦ ወደ ታሪክ መጽሐፍ ገባ።

እንዲህ ያለው አጻጻፍ ጉዳቱ በመልክ ብቻ አይወሰንም፤ ሐሰተኛ ሥርወ ቃልም ይወልዳል። ከተራራው ከሚገኙት ሁለት የዕጣን ዓይነቶች አንዱ መይዲ ይባላል። በቀድሞው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ የወደቡና የሙጫው ስሞች እጅግ ስለሚቀራረቡ፣ ሙጫው ስሙን ከወደቡ አገኘ ብሎ መገመት ቀላል ነው። በሶማሊኛ ግን ወደቡ በዸ፣ ሙጫው በደ ነው። ሁለቱን ለማዛመድ የሚፈልግ ሰው የድምፁን ልዩነት ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ የካርታ ፊደል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

የሶማሊኛ አጻጻፍ ጉዳይ ከኢትዮጵያ ጥናት ጋር የተገናኘበት ጊዜም አለ። በ1966 ዩኔስኮ ጉዳዩን እንዲመረምሩ ከላካቸው ሦስት ሊቃውንት አንዱ የሶማሊኛው ምሁር አንጄየቭስኪ ሲሆኑ፣ ሁለቱ ስትሬልሲንና ቱቢያና በኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናት የታወቁ ነበሩ። የላቲን ፊደል ይሻላል የሚለው አስተያየታቸው ወዲያው ሥራ ላይ ባይውልም፣ በጥቅምት 1972 የሶማሊያ መንግሥት የላቲንን ፊደል አጸደቀ። በዚህ ፊደል ለዐ የላቲኑ «ሲ»፣ ለሐ ደግሞ «ኤክስ» ተመደቡ። የአናባቢ ርዝመትና የተናባቢ መጥበቅ በግልጽ ተለዩ፤ የድምፅ ውጣ ውረድ ግን አልተመለከተም። የውጭ አንባቢ በፋንታው አዲስ ስሕተት ላይ ወደቀ፤ ዐልን «ካል»፣ ዔሪጋቦን «ሴሪጋቦ» ብሎ ማንበብ ጀመረ።

የግዕዝ ፊደል በዚህ ንጽጽር የሚያተርፈውም የሚያጎድለውም አለ። አማርኛ የተዋቸውን ሁለት ጉሮሯዊ ድምፆች ፊደሉ እንደያዘ ይገኛል፤ ስለዚህ ዐል፣ ዔል፣ ሒስ ሳይዛቡ ይጻፋሉ። ይሁንና መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ የዳሎ ጥብቅ «ል» በእኛም ጽሑፍ ከእንግሊዞቹ ባልተሻለ ሁኔታ ተሰውሯል።

3. የዕጣን ቃላት ሦስት ንጣፎች

ከአፋፉ በታች በሚገኙት ተዳፋቶች ሁለት ዓይነት የዕጣን ዛፍ ይበቅላል። አንዱ ሞሖር ይባላል፤ ሙጫው ቤዮ ነው። ሌላው የግዐር ይባላል፤ ሙጫው መይዲ ነው። ቋንቋው ዛፉንና ፍሬ ሥራውን በአንድ ስም አይጠራቸውም፤ ሁለት ዛፍ፣ ሁለት ሙጫ፣ አራት ስም አለ። የአማርኛ ተናጋሪ «ዕጣን» ብሎ የሚጠራው በግዕዙ ዐጠነ፣ ማለትም በማጨሱ ተግባር የተሰየመ ነው፤ ዓረብኛው «ሉባን» ከነጭነት ሥር የመጣ ነው። አንዱ ቋንቋ ዕጣኑን በጢሱ፣ ሌላው በመልኩ ሲሰይመው፣ የተራራው ሶማሊኛ ከየትኛው ዛፍ እንደወጣ ይለያል። መይዲ ከመጨስ በተጨማሪ በዓረብ አገሮች የሚታኘክ ሙጫ ስለሆነ ልዩነቱ የዋጋም ልዩነት ነው።

ሳይንሳዊ ስሞቹ ሌላ ታሪክ አላቸው። ጆርጅ በርድውድ በ1870 ገደማ ዛፎቹን ለአውሮፓ ሳይንስ ሲያስተዋውቅ የግዐርን በቦምቤይ ገዥ በነበረው በባርትል ፍሪር፣ ሞሖርን ደግሞ በሐኪሙ በሄንሪ ካርተር ስም ሰየማቸው። የዕጣኑ ንግድ በኤደን አልፎ ወደ ቦምቤይ ይፈስ ስለነበር ስያሜው የንግዱን አቅጣጫ ያሳያል። የኋለኞቹ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ሞሖርን በዓረቡ ምድር በዾፋር ከሚበቅለው የዕጣን ዛፍ ጋር አንድ ዝርያ አድርገው ቆጥረውታል። በሁለቱ ዳርቻ ያለው ዛፍ አንድ ከሆነ የሁለቱን ዳርቻ ቃላት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ተገቢ ነው።

እንዲህ ሲደረግ ሦስት ንጣፎች ይታያሉ። የመጀመሪያው የዛፉና የሙጫው ንጣፍ ነው፤ ሞሖር፣ የግዐር፣ ቤዮ እና ሙጫን በጠቅላላው የሚያመለክተው ሐበግ ሶማሊኛ ናቸው። ዛፎቹ የሚገኙበት፣ በዘር ሐረግ የሚወረሰው የመልቀሚያ ይዞታም ሒጂ ይባላል። ይህ ንጣፍ የባለቤትነትና የዕውቀት ንጣፍ ነው።

ሁለተኛው የመሣሪያ ንጣፍ ነው። ልቅም የሚያደርገው ሰው ግንዱን በጥቂቱ የሚልጥበት ስለታም መሣሪያ ሚንጋፍ ይባላል። ልጡ ከተነሣበት ቁስል የሚወጣው ሙጫ እስኪደርቅ ተጠብቆ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ተመልሶ ይፋቃል፤ ቁስሉም በየዙሩ በጥቂቱ ይሰፋል። በዾፋር ያለው የዚሁ ሥራ መሣሪያ «መንቀፍ» ወይም «ሚንገፍ» ይባላል። ሶማሊኛ የመሣሪያ ስም በ«መ» መነሻ አያበጅም፤ የሴም ቋንቋዎች ግን እንዲህ ያበጃሉ። በግዕዝ ከዐጠነ ማዕጠንት እንደሚወጣ ሁሉ ሚንጋፍም ይህንኑ ቅርጽ ይዟል። ቃሉ ሴማዊ ቅርጽ አለው ማለት ግን ሥራው ከወዲያ ተማረ ማለት አይደለም። ሶማሊ ሠራተኞች ለልቅም ወደ ዾፋር ሲሻገሩ እንደኖሩ ይታወቃል፤ መሣሪያውና ስሙ በአንድ አቅጣጫ፣ ችሎታው በሌላ አቅጣጫ ሊጓዙ ይችላሉ። የሚንጋፍ ምስክርነት የሁለቱ ዳርቻ ሠራተኞች በአንድ ገደል ላይ ጎን ለጎን መሥራታቸው ነው።

ሦስተኛው የዋጋ ንጣፍ ነው። የተለቀመው ሙጫ በዋሻ ውስጥ ተጠብቆ ወደ ባሕር ዳር ከወረደ በኋላ፣ በአብዛኛው በሴቶች እጅ በመጠንና በጥራት ይለያል። መይዲ የሚከፈልባቸው የደረጃ ስሞች፣ ለምሳሌ ሙጀርወል እና «ትልቅ» ወይም «ትንሽ» ተብሎ የሚለየው ፈስ፣ የዓረብኛ መልክ ያላቸው ናቸው። ሙጫው ከገደል ወደ መርከብ ሲወርድ ቋንቋውም ከሶማሊኛ ወደ ዓረብኛ ይወርዳል። ዛፉን ባለቤቱ፣ መሣሪያውን ሠራተኞቹ በጋራ፣ ዋጋውን ገዢው ሰየሙት። ስለ ንግዱ አደረጃጀት ብዙ ሰነድ በሌለበት ቦታ ይህ የቃላት አቀማመጥ ራሱ ሰነድ ነው።

4. የአፋፉ ዛፍና ዝናብ

ከዕጣኑ በላይ፣ በአፋፉ ላይ ያለው ደን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የታወቀ ነው። ዋናው ዛፍ በመናገሻ ሱባና በብዙ አብያተ ክርስቲያናት አጸድ ያለው ያው ጥድ ነው፤ በሶማሊኛ ደዪብ ይባላል። ወይራው ወገር ነው፤ ይኸው ቃል ከበርበራ በስተደቡብ ላለው ተራራም ስም ሆኗል። ዾሰቅ የሚባለው ዛፍ ሂልደብራንት በሰበሰበው ናሙና ምክንያት በሳይንሳዊ መጠሪያው የእርሱን ስም ተሸክሟል። በዚህ ሰንሰለት ያለውና ከ2400 ሜትር በላይ የሚነሣው የሶማሊላንድ ከፍተኛው ጫፍ ሺምቢሪስ ነው፤ በስሙ ውስጥ ሺምቢር፣ ማለትም ወፍ፣ ይሰማል።

የዝናቡ ስሞች ከዛፎቹ ይልቅ ይናገራሉ። የተለመደው የሶማሊ የወቅት አቆጣጠር አራት ነው፦ ጉእ፣ ሐጋ፣ ደይር፣ ጂላል። ይህ አቆጣጠር ለአምባው፣ ለኦጎ፣ እንዲሁም ከእርሱ በስተደቡብ ላለው ለሀውድ ይስማማል። ከአፋፉ በታች ያለው የባሕር ዳር ሜዳ ግን ጉበን ይባላል፤ ስሙ ከ«ጉብ»፣ ማቃጠል፣ የወጣ ነው። ጉበን ዝናብ የሚያገኘው በዋነኛነት አምባው በጂላል ደረቅነት በሚቆይበት በክረምቱ ወራት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ገደማ ነው፤ የዚህም ዝናብ ስም ሐይስ ነው። ሐይስ ከአራቱ ወቅቶች ውስጥ አይቆጠርም። በአፋፉ የሚኖር ሰው ግን ያለ ሐይስ መኖር አይችልም፤ መንጋውን መቼ ወደ ታች እንደሚያወርድ የሚነግረው እርሱ ነው። የዳሎ ሰው ሁለት ዓመት በአንድ ዓመት ይኖራል፤ አንዱ የአምባው፣ ሁለተኛው የባሕሩ ነው።

የሙያ ቃል እንዴት እንደሚመዘገብ ጥሩ አርአያ የሚሆነው በዚሁ መስክ ነው። ሙሴ ጋላል በ1968 ሞቃዲሾ ላይ ባሳተሙት ሥራ የሶማሊን የአየር ጠባይና የከዋክብት ዕውቀት ቃላት ከነአጠቃቀማቸው አቀረቡ። ቃሉን ከሥራው ሳይለዩ መዝግበዋል። ለዕጣንና ለደን ቃላት ግን ከሁሉ በፊት የሚጠቀሰው የዕፅዋት ተመራማሪው ግሎቨር በ1947 ያሳተመው የዛፎች ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ የሶማሊኛ ስሞችን ሰብስቦ ትልቅ ውለታ ውሏል፤ ዓላማው ግን ዛፉን ማወቅ እንጂ ቃሉን ማወቅ አልነበረም። አጻጻፉም ከ1972 በፊት የነበረ በመሆኑ ጉሮሯዊ ድምፆችን አስተማማኝ በሆነ መንገድ አይለይም።

ማጠቃለያ

ሀርጌሳ በ1988 በቦምብ ስትደበደብ የራዲዮ ጣቢያዋ ቅጂዎች በሰዎች ጥረት ተሸሽገው ተረፉ፤ ዛሬ በከተማዋ የባህል ማዕከል በሺህ የሚቆጠሩ ካሴቶች ተጠብቀዋል። ግጥምና ዜማ እንዲህ ያለ ጠባቂ አግኝተዋል። ሒጂ፣ ሚንጋፍ፣ ሐይስ የመሳሰሉት ቃላት ግን በመድረክ የሚዘመሩ አይደሉም፤ ማኅደራቸው የሠራተኛው እጅና የዛፉ ቅርፊት ነው። ያ ማኅደር ደግሞ በስጋት ላይ ይገኛል። በቅርብ ዘመን የዕጣን ዘይት ፍላጎት በዓለም ገበያ በመጨመሩ ዛፎች ከልክ በላይ እንደሚላጡ ተደጋግሞ ተነግሯል፤ በ2019 የሳይቲስ ጉባኤ ስለ ዕጣን ዛፎች መረጃ እንዲሰበሰብ ወስኗል። ለዛፉ የሚሰበሰበው መረጃ ለቃሉም ሊሰበሰብ ይገባል።

ለቋንቋ አጥኚ ከዚህ የሚከተለው ተግባር ግልጽ ነው። የቃል ዝርዝር በሀርጌሳ ቢሮ ውስጥ በመጠይቅ ሊሞላ አይችልም፤ የግዐርና ሞሖር በቆሙበት፣ ሚንጋፍ በእጅ ተይዞ፣ በልቅሙ ወቅት ሊመዘገብ ይገባል። የዛፉ፣ የመሣሪያውና የዋጋው ቃላት ለየብቻ መያዝ አለባቸው፤ የታሪኩ ምስክርነት ያለው በንጣፎቹ ልዩነት ውስጥ ነውና። በዾፋር ያለው ጥንድም አብሮ ሊጠየቅ ይገባል። አጻጻፉ በላቲን ይሁን በግዕዝ፣ ዐ፣ ሐ እና ዸ ከነመጥበቃቸውና ከነርዝመታቸው ሊለዩ ይገባል፤ ከ«አህል» እስከ «ኤሪጋቮ» ያለው የስሕተት ታሪክ የአንድ ፊደል ቸልታ ምን ያህል እንደሚያስከፍል አሳይቷል።

በ1993 የሰናግ ጎሣዎች ለወራት በዘለቀ ጉባኤ ዔሪጋቦ ላይ ታርቀው የግጦሽና የንብረት ጉዳያቸውን ሲፈቱ ከሌላ ዋና ከተማ የመጣ ውሳኔ አልጠበቁም፤ ማዕከሉ በዚያ ጊዜ እዚያው ነበር። ዳሎም በራሷ ቃላት ስትነበብ ማዶ አይደለችም፤ ከአምባውና ከባሕሩ እኩል የምትታይ አፋፍ ናት። ይህን የሚመሰክሩት ሽማግሌዎች ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ዛፎቹም ገና ቆመዋል። የመመዝገቢያው ጊዜ ሁለቱም ሳሉ ነው።